ጋሼ ይቀጥሉልን!

የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችንን የሚያማ ሰው ስሰማ ይገርመኛል። ምን ጎደለ? ቲሸርት አለን። ኮፍያ አለን። የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ በዓል በመጣ ቁጥር «እንኳን አደረሳችሁ» ስልክ እስኪሞላ ይወርዳል።

ከሁሉ በላይ ሊቀመንበር አለን። ጋሼ ወንበሩን የያዙት «ለጊዜው» ነበር። ያኔ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ የሚባል ነገር አያውቅም። ፕላዝማው መጣ፣ አስተማረ፣ ተበላሸ፣ ግድግዳው ላይ ማቀፊያው ብቻ ቀረ። ጋሼ አሉ።

ምርጫ አታደርጉም የሚለን ይዋሻል። እናደርጋለን። «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር ይያዛል። ልዩ ልዩ ላይ ስንደርስ ክትፎው ደርሷል። አንዱ ብድግ ይልና «ጋሼ ይቀጥሉልን!» ይላል። እናጨበጭባለን። ፀሐፊው የአምናውን ቃለ ጉባኤ ያወጣና ቀኑን ብቻ ይቀይራል። (እንዲህ ያለ ቁጠባ የትኛው መሥሪያ ቤት አለ?)

ወጣቱን አግልላችኋል የሚሉም አሉ። ሐሰት! የወጣት ክንፍ አለን። ተጠሪው በቅርቡ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና አስነሥተዋል። ከዩኒቨርሲቲ የወጡትም ልጆች ቢሆኑ ሥራ ፈተው አያውቁም፤ ወንበር ይደረድራሉ፣ ማይክ ያዞራሉ። አንዷ የሒሳብ ሪፖርት ብትጠይቅ «ልጄ፣ ሒሳብ ከባድ ነው፣ ቀስ ብለሽ ትደርሺበታለሽ» ተባለች። ልጅቷ ኦዲተር ናት።

የምክር አገልግሎታችንማ! በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። አገር ሲደነግጥ እኛ ባነር አሠራን፦ «አንድ የቀድሞ ተማሪ ለአንድ ተማሪ»። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ንግግሩን ሰሙ። ከዚያ ከየአማካሪዎቻቸው ጋር ፎቶ ተነሡ።

ለአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የደረሷት ኢንጂነር ናቸው። «ሒሳብ ላይ ፈንክሽን አልገባኝም፤ ከየት ልጀምር?» አለቻቸው። ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና «በርቺ! እኛ እኮ በኩራዝ ነው ያነበብነው» አሏት። ቢዝነስ ካርድም ሰጧት። ማታ ብትደውል አይነሣም። ትንሽ ቆይቶ «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል ቴክስት መጣላት። የቢሮን ዓለም በአንድ መስመር አሳዩአት፤ ከዚህ በላይ ምን ምክር አለ? ፎቶው ግሩፑ ላይ ልብ በልብ ሆኗል። የልጅቷ ግማሽ ፊት ባነሩ ጀርባ ቀርቷል እንጂ ኢንጂነሩ ጥርት ብለው ነው የወጡት።

አንድ አስቸጋሪ አባል አለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈሩ ባለ አዳራሽ ውስጥ ተማሪዎች ሰብስቦ ፊዚክስ ያስጠናል። ባነር የለው፣ ፎቶ የለው። ለስብሰባ ሲጠራ «ልጆቹ ይጠብቁኛል» ይላል። እኛ ስለ ትውልድ ስንወያይ እሱ ከልጆች ጋር ጊዜውን ያባክናል። ሦስት ጊዜ በመቅረቱ ከአባልነት ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ቀርቧል።

የዘንድሮው ጉባኤ ጥሪ ደርሶኛል። ዋናው ጽሑፍ «ተተኪ አመራር እንዴት እናፍራ?» ይላል። አቅራቢው ጋሼ ናቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ተመድቦላቸዋል። መዋጮ ያልከፈላችሁ በር ላይ መክፈል ትችላላችሁ።