ጋሽ ትራንዚት ቤት ናቸው

በእኛ ሰፈር፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በሥራ ቀን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ቤቱ የተገኘ ወንድ ወይ ታሟል፣ ወይ ከሥራ ተባሯል፣ ወይ ለቅሶ ተቀምጧል። ሌላ ምድብ አናውቅም። ስለዚህ ጋሽ ትራንዚት (ስማቸው ሌላ ነው፤ ይህን ያወጣላቸው ብሎኩ ነው) በፒጃማ ሱሪ ላይ ሸሚዝና ሹራብ ደርበው፣ ሳሎናቸው ውስጥ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅረው መታየት የጀመሩ ሰሞን ኮሪደሩ በሹክሹክታ ተሞላ። ከጎናቸው ያለችው ጎረቤት አጥሚት በፔርሙስ ይዛ መጣች። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ሹፌር ባለቤታቸውን ደረጃ ላይ አስቁሞ፣ "አይዞዎት እትዬ፣ ያልፋል" አላቸው። የዕድራችን ዳኛ ደግሞ ከማዘን ማዘዝ የሚቀናቸው ሰው ናቸውና፣ "እንግዲህ ከተቀመጡ አይቀር" ብለው የድንኳንና የወንበር ኃላፊ አድርገው ሾሟቸው።

ሰውዬው ግን ሥራ ላይ ነበሩ። ሥራቸው ትራንዚተርነት ነው፤ የነጋዴን ሰነድ ጨርሰው ዕቃውን ከጉምሩክ ማስለቀቅ። አጥሚቱ ሲመጣ አንድ ኮንቴይነር የሕፃናት ዳይፐር ከጅቡቲ እያስገቡ ነበር፤ ከሶፋቸው ሳይነሱ።

ድሮ ጋሽ ትራንዚት ከቤት ሲወጡ ሰፈር ያውቅ ነበር። ሊስትሮው ገና ዕቃውን ሳይዘረጋ ጫማቸውን ያስጠርጋሉ። ጥቁር ቦርሳቸው እጀታው በጫማ ሰፊ ክር ተሰፍቶ ተሰፍቶ ከቆዳው ክሩ ይበዛል። ውስጡ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የመርከብ ጭነት ሰነድ፣ ኢንሹራንስ፣ የባንክ ፈቃድ፣ የሁሉም አምስት አምስት ኮፒ አለ፤ ከሥር ደግሞ የራሳቸው ስቴፕለርና አንድ ፓኬት ሽቦ። ስቴፕለር ለምን እንደሚሸከሙ ስጠይቃቸው፣ "የቢሮ ስቴፕለር ሽቦ ኖሮት አያውቅም፤ ሽቦ ያለው ሰው ቶሎ ይጠራል" አሉኝ። ይህን ማንም ትምህርት ቤት አያስተምርም።

የዚያን ጊዜው ዙር እንዲህ ነበር። ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ንግድ ሚኒስቴር፤ ዕቃው የሚበላ ወይም የሚዋጥ ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፤ ዘር ወይም ችግኝ ከሆነ ግብርና፤ የራጅ መሣሪያ ከሆነ ጨረራ የሚቆጣጠረው ክፍል፤ በመጨረሻ ጉምሩክ። ሁሉም የሚጠይቁት ያንኑ ኢንቮይስ ነው፤ ሁሉም ደግሞ ኦሪጅናሉን ካላየን ይላሉ። ጉምሩክ በበኩሉ ኮምፒውተር ከለመደ ቆይቷል። አሲኩዳ የሚባለው፣ የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ለብዙ አገር ጉምሩኮች ያዘጋጀው ፕሮግራም፣ እኛም ጋ ለዓመታት ሠርቷል። ግን ኮምፒውተሩ ያለው ጉምሩክ ቅጥር ውስጥ ነው። እዚያ እስኪደረስ ያለው መንገድ በሙሉ በእግር፣ በታክሲና በሰው ነው።

በሰው የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጋሽ ትራንዚት የመዝገብ ቤቷን ልጅ ስም ከነክርስትና ስሟ ያውቃሉ። የፊርማው ባለቤት ጨጓራ እንዳለበት፣ ጠዋት ጠዋት እንደማይነካ፣ ከምሳ በኋላ ግን እንደሚለሰልስ ያውቃሉ። የየቢሮው ጥበቃ ሲያያቸው ከወንበሩ ይነሳል። ሰፈራችን የሚያከብራቸውም በዚሁ ነበር፤ "ጋሼ ሰው አላቸው" ማለት እኛ ጋ ቪላ አላቸው ከማለት ይበልጣል።

ከዚያ ጥር 2012 መጣና የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት ሥራ መጀመሩ ተበሰረ። ሲንጋፖሮች ትሬድኔት ብለው ይህንኑ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ እኛ በዚያ ዓመት ሌላ ጣጣ ነበረብን። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ነጋዴው ወይም ትራንዚተሩ ሰነዱን አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ ያስገባል። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቶቹ ናቸው እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉት። ሲጀመር 44 ቀን ይፈጅ የነበረውን ጉዳይ መጀመሪያ ወደ 13፣ ቆይቶም ወደ 3 ቀን ያወርደዋል ተብሎ ነበር። የዓለም ንግድ ድርጅትም አባላቱ እንዲህ ያለ መስኮት እንዲኖራቸው እንዲጥሩ የሚጠይቀው ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ጸንቷል። እኛ ያኔ አባል አልነበርንም፤ ከ1995 ዓ.ም. ማመልከቻችን ጀምሮ ወረፋ ላይ ነበርን። ወረፋ የሚያስቀረውን ሥርዓት ወረፋ ላይ ቆመን ዘረጋን ማለት ነው። ይህ በእኔ ግምት ትንሽ ጀብዱ አይደለም።

አንድ የማይነገር ነገር ግን አለ። መስኮቷ አንድ ትሁን እንጂ ከበስተኋላዋ የተቀመጠው መሥሪያ ቤት ከአሥር በላይ ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ "ይሁን" የምትለዋን ቁልፍ መጫን አለበት። ያ ሰው ሥልጠና ከሄደ ፋይሉም አብሮት ሠልጥኖ ይመለሳል። ድሮ ጋሽ ትራንዚት ይህን ሰው ኮሪደር ላይ ጠብቀው "ጨጓራህ እንዴት ነው?" ይሉት ነበር። አሁን ስክሪኑን ነው የሚያዩት። ስክሪኑ ጨጓራ የለውም።

የዳይፐሩ ባለቤት የመርካቶ ሰው ነው። የሕፃናት ዕቃ ሲያስመጣ ጸጉሩ የሸበተ፣ በሁለት ስልክ የሚያወራ። ጉምሩክ የቀረበለትን ዲክላራሲዮን (የዕቃ ማሳወቂያ ሰነድ ማለት ነው) ኮምፒውተሩ የሥጋት መጠኑን መዝኖ በቀለም ይለያል፤ ቀይ ከወጣ ዕቃው ተከፍቶ ይፈተሻል፣ ቢጫ ከወጣ ሰነዱ ይመረመራል፣ አረንጓዴ ከወጣ ያልፋል። የዚያን ቀን አረንጓዴ ወጣ። ጋሽ ትራንዚት ምሥራቹን ሊነግሩት ደወሉ፤ እኔ ድንኳኑን ልጠይቅ ገብቼ ስለነበር ስፒከሩን ሰምቻለሁ።

"አለቀልህ። አረንጓዴ ወጥቷል፤ ያለ ፍተሻ ያልፋል።"

ዝምታ።

"ለምን?"

"እንዴት ለምን?"

"ለምን አላዩትም ጋሼ? ምን አስበው ነው?"

"ማንም ያሰበ የለም፤ ኮምፒውተሩ ነው የሚመርጠው።"

"እኮ፣ ኮምፒውተሩ ምን አስቦ ነው?"

ከሰዓት በኋላ መኪናውን አስነስቶ ቱሉ ዲምቱ መጣ። አራተኛ ፎቅ በእግሩ ወጣ፤ ሊፍት የሚባል ነገር እኛ ጋ በጨረታ ሰነድ ላይ እንኳ አልታየም። ትንፋሹን ሳይሰበስብ "ወረቀቱን ልየው" አለ። ስክሪኑን አሳዩት። በጣቱ ነካው፤ ተንቀሳቀሰ፤ ተጠራጠረ። ታች ሱቅ ወርደው አትመው አመጡለት። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየና፣ "ማኅተሙስ?" አለ።

"ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ማኅተም አያስፈልገውም።"

"ጋሼ፣ እኔ ክብ ነገር ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ይኼኔ ጥግ ላይ ቡና የሚጠጡት የዕድራችን ዳኛ ኪሳቸውን ዳበሱ። "ክብ ከሆነ የጠፋው፣ የእኛም አለ" ብለው የዕድሩን ማኅተም ብቅ ሲያደርጉ ጋሽ ትራንዚት ከሶፋው ዘለው ተነሱ። እጃቸውን ባይዟቸው ኖሮ ያ ዳይፐር በዕድራችን ስም በተቀበረ ነበር።

ነጋዴው ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ፤ ፊቱ ግን አልተፈታም። በኋላ ሳስበው ሰውዬውን የከበደው ነገር ገባኝ። ጉዳዩ አለቀለት፤ የሚያመሰግነው ሰው ግን አጣ። ለማን ይደውል? ለፋሲካ የማንን በር ያንኳኳ? በአገራችን ፈቃድ ሲገኝ ውለታም አብሮ ይገኛል፤ ውለታውም ለሚቀጥለው ፈቃድ ቀብድ ነው። ይህ ሰውዬ መብቱ ብቻ ነው የተሰጠው፤ ባዶውን ሸኙት።

ጋሽ ትራንዚት ራሳቸውም ቤት መዋሉ ሳያሳስታቸው አልቀረም። የሚጣራ ዕቃ ሲጠፋ ዓይናቸው የቤቱን ያጣራል። ባለቤታቸው ቡና ሊያፈሉ ሲቀመጡ ከሶፋው ላይ ያዩአቸዋል። ጥሬው ታጥቦ ምጣዱ ላይ ሲደፋ፣ "0901.11" ይላሉ፤ ያልተቆላ፣ ካፌይኑ ያልወጣለት ቡና በዓለም ጉምሩኮች ሁሉ መለያው ይኸው ነው። ፍሬው ጠቁሮ፣ ወዙ ወጥቶ፣ እትዬ ጭሱን ለእንግዳ ሊያሸትቱ ምጣዱን ሲያዞሩ፣ "በቃ፣ አሁን 0901.21 ገባ" ብለው ያውጃሉ። የተቆላው ቁጥሩ ሌላ ነዋ! እትዬ አንድ ቀን ምጣዱን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው፣ "ቀረጡን አንተ ክፈል፤ ስኒም እጠብ" አሏቸው። አጠቡም። የታጠበ ስኒ ቁጥሩ እንደማይቀየር ነግረውኛል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጉድ ነው። የአዳማ የፍጥነት መንገድ አፉ እኛ ሰፈር ነው፤ ከበረንዳቸው ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚወርደውንና የሚመለሰውን ከባድ መኪና በዓይን መሸኘት ይቻላል። ኔትወርኩ ከመብራቱ ጋር ሲሄድ ጋሽ ትራንዚት በረንዳ ወጥተው የሰው ኮንቴይነር እያዩ ይተክዛሉ። የብሎኩ ልጆች ይህን ስለሚያውቁ ስልካቸውን ከማየታቸው በፊት ቀና ብለው በረንዳውን ያያሉ።

እማማ የመጡት በዚህ ሁሉ መካከል ነው። እማማ ምድር ቤት ነው የሚኖሩት፤ ልጃቸው ጸጉር ቤት ልትከፍት ከዱባይ ካስክና ወንበር አዝዛለች። ንግድ ፈቃዱም ሰነዱም ተሟልቷል። እማማ ግን ሰነድ አልያዙም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡና ቁጭ አሉ።

"የልጅቷን ዕቃ ነገር ላዋይህ ብዬ ነው። ጉምሩክ ሰው የለህም?"

"እማማ፣ አሁን ሰው አያስፈልግም። በሲስተም ነው።"

"እሺ፣ ሲስተሙን የሚያውቅ ሰው የለህም?"

"እኔው አውቀዋለሁ።"

"አንተማ ቤት ተቀምጠሃል!"

ጋሽ ትራንዚት ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። በማግሥቱ ጠዋት ሱፋቸውን ለበሱ፣ ክራቫት አሰሩ፣ ያቺን ጥቁር ቦርሳ ከአልጋ ሥር አውጥተው አቧራዋን አራገፉ። በእማማ በር ፊት ለፊት ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ "እንግዲህ ሄድኩ፤ ጸልዩልኝ" ብለው አለፉ። እማማ ከኋላቸው እስኪጠፉ መረቋቸው። እሳቸው መታጠፊያው ጋ ያለች ጄኔሬተር ያላት ካፌ ገብተው ማኪያቶ አዘዙ፣ ላፕቶፑን ከቦርሳው አወጡ፣ የሚሞላውን ሞልተው ላኩ። እስከ 11 ሰዓት እዚያው ጋዜጣ አነበቡ። ሲመለሱ ክራቫታቸውን አላልተው፣ አቧራ በጫማቸው ላይ በእጃቸው ነስንሰው፣ ደረጃውን እያቃሰቱ ነው የወጡት።

የልጅቷ ዕቃ በተባለው ጊዜ ገባ። እማማ አንድ ሙሉ ድፎ ዳቦ አስይዘው ላኩ፤ ለሰፈሩም "ለካ ደብቆን ነው እንጂ ጉምሩክ ሙሉ ሰው አለው!" ብለው አስወሩ።

ካለፈው ሳምንት ወዲህ አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ መተላለፊያ የለም። ላስቲክ ፎልደር ያቀፈ ሰው ከደረጃው አፍ ጀምሮ ግድግዳ ተደግፏል። የዕድሩ ዳኛ ከድንኳኑ ወንበር ስድስት አውጥተው አስደርድረዋል፤ ተራ አስከባሪው እሳቸው ናቸው። ትናንት እኔ ጨው ልበደር ብቅ ስል እትዬ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ለሰልፈኛው በአንገታቸው ብቻ ወጥተው ሲናገሩ ደረስኩ።

"ኮፒ ያላደረገ እንዳይገባ። ኦሪጅናሉንም እንድናየው ያዙ።"