በወረቀት የከበደችው አውሮፕላን

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ደወሉልኝ። «አንዲት አግኝቻለሁ፣ ደስ ትላለች፣ ና አብረን እንያት» አሉኝ። መኪና መስሎኝ ነበር። ለካ አውሮፕላን ነች።

ጋሼ እዚህ ቨርጂኒያ የሰፈሬ ሰው ናቸው። ሰባን አልፈዋል። በወጣትነታቸው እዚሁ አሜሪካ የግል አብራሪነት ፈቃድ አውጥተው ነበር። ከዚያ ልጆች መጡ፣ የቤት ዕዳ መጣ፣ ሁለተኛ ሥራ ተጨመረ። በረራው በዚያው ቀረ። ጡረታ ሲወጡ ግን የድሮው አምሮት አገረሸባቸው።

ያዩዋት አውሮፕላን ኤርኩፕ ትባላለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የተሠራች፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ብርማ ቆንጆ ነገር ነች። ንድፏን ያወጣው ፍሬድ ዊክ የተባለ መሐንዲስ ነው። እንደ መኪና በመሪ ብቻ እንድትነዳ ብሎ ነው ያሰባት፤ አብዛኞቹ ሲሠሩ የእግር ፔዳል አልነበራቸውም። በ1945 ሜሲስ በተባለው ትልቅ መደብር ውስጥ ሳይቀር ተሽጣለች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ከሸሚዝና ከድስት ጋር አውሮፕላን መግዛት የሚቻልበት ዘመን ነበር።

ማስታወቂያው ላይ አውሮፕላኗ በቀላል ስፖርት አውሮፕላን ሕግ መብረር እንደምትችል ተጽፏል። ለጋሼ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሻጩን አገኘነው፣ ሞተሯን አስነሳልን፣ ጋሼ ፈገግታቸው ጆሯቸው ደረሰ። ከዚያ አንድ የምናውቀው መካኒክ መዝገቧን ማገላበጥ ጀመረ። አንድ ያረጀ ወረቀት ላይ ሲደርስ ቆመ። አውሮፕላኗ ስትወለድ 415-ሲ የሚባለው ሞዴል ነበረች። ከዓመታት በኋላ አንዱ ባለቤት ወደ 415-ዲ አስቀይሯታል። የተፈቀደላት ከፍተኛ ክብደት ከ1,260 ፓውንድ ወደ 1,400 ከፍ ብሏል። የያኔው ሕግ ጣሪያ ደግሞ 1,320 ነበር።

በቃ፣ አለቀ። 80 ፓውንድ ማለት 36 ኪሎ ገደማ ነው። ያውም ማንም ያልጫነው፣ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ 36 ኪሎ።

ሕጉን ላላወቀው በአጭሩ ልንገር። የአሜሪካው የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ፣ ኤፍኤኤ፣ በ2004 የስፖርት አብራሪ የሚባል አዲስ የፈቃድ ዓይነት አመጣ። ለግል አብራሪ ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት ሲጠየቅ ለዚህ 20 ይበቃል። ዋናው ጣፋጭ ነገር ግን ሌላ ነው። የአቪዬሽን ሐኪም ምርመራ አያስፈልግም፣ የመኪና መንጃ ፈቃድ ይበቃል። በምላሹ የሚበረው አውሮፕላን ትንሽ መሆን ነበረበት። ከፍተኛው የመነሻ ክብደት 1,320 ፓውንድ፣ ማለትም 600 ኪሎ፤ ውኃ ላይ ለሚያርፍ 1,430። መቀመጫ ከሁለት አይበልጥም። ሞተር አንድ። ፍጥነቱ ከ120 ኖት እንዳያልፍ (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)። ጎማው የማይታጠፍ። ፍላፕ፣ ማለትም ከክንፉ ኋላ ያለው ተዘርጊ ክፍል፣ ሳይዘረጋ ክንፉ አየሩን ለቆ አውሮፕላኑ መውደቅ የሚጀምርበት ፍጥነት፣ አብራሪዎች ስቶል የሚሉት፣ ከ45 ኖት የማይበልጥ።

አሁን አሮጌዎቹን እንይ። እውነት ለመናገር ይህ ሕግ ለ1930ዎቹና ለ1940ዎቹ አውሮፕላኖች ትንሣኤ ነበር። ያቺ ቢጫዋ ፓይፐር ጄ-3 ካብ፣ 1,220 ፓውንድ፣ ታልፋለች። ኤሮንካ ሻምፕ 7ኤሲም እንደዚያው 1,220። ቴይለርክራፍት ቢሲ-12ዲ 1,200። ሉስኮምብ 8ኤ 1,260። ኤርኩፕ 415-ሲ እንዳልኳችሁ 1,260። አብዛኞቹ 65 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር የሚሄዱ፣ እንጨት ወይም ብረት ላይ ጨርቅ የተወጠረባቸው ነበሩ። በአንድ ሌሊት ተፈላጊ ሆኑ።

የወንድሞቻቸው ዕጣ ግን ሌላ ነው። ሉስኮምብ 8ኢ ከ8ኤ ጋር ጎን ለጎን ቢቆም ብዙ ሰው አይለየውም። የተፈቀደለት ክብደት 1,400 ስለሆነ ወደቀ። ሴስና 140 በ1946 የወጣች፣ ሁለት መቀመጫ ያላት፣ የዋህ አውሮፕላን ነች። 1,450፤ ወደቀች። ሴስና 150 ግማሹ የአሜሪካ አብራሪ ተማረባት ብል ብዙ አላጋንንም፤ ከ23 ሺህ በላይ ተሠርታለች። የኋለኞቹ 1,600 ናቸው፤ እነሱም ወደቁ። ተተኪዋ 152 ደግሞ 1,670።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። «ታዲያ ክብደቱን ወረቀት ላይ ዝቅ ማድረግ አይቻልም ነበር?» አይቻልም ነበር። ሕጉ አውሮፕላኑ መጀመሪያ ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ ሳያቋርጥ መስፈርቱን ሲያሟላ የኖረ መሆን አለበት ይል ነበር። አንዴ ከጣሪያው በላይ የተመዘገበ፣ ለዘላለም በላይ ነው። የጋሼን ኤርኩፕ የገደላት ይህ አንቀጽ ነው። ወደ 415-ሲ መልሰው ቢያስመዘግቧት እንኳ ታሪኳ ይከተላታል። ሰው ንስሐ ይገባል፤ አውሮፕላን ግን አይፈቀድለትም።

የማልስማማው እዚህ ጋ ነው። ሕጉ ሚዛን ላይ ያለውን አይለካም። የሚለካው ሰነዱን ነው። አንድ ምሳሌ እንሥራ። አንዲት ሴስና 150 ባዶዋን 1,060 ፓውንድ ትመዝናለች እንበል። 170 ፓውንድ የሆነ አንድ ሰው ይቀመጥ። 15 ጋሎን ቤንዚን፣ 90 ፓውንድ፣ ይቀዳላት። ድምሩ ልክ 1,320። ሚዛኑ ላይ ቀላል ስፖርት ነች፣ ሕጉ ፊት ግን አይደለችም። ወዲህ ደግሞ ካብን ውሰዱ። ባዶዋን 765 ገደማ ነች። 12 ጋሎኗን ስትሞሉ ለሰው የሚቀረው 383 ፓውንድ፣ ማለትም 174 ኪሎ ነው። ሁለት 87 ኪሎ ሰዎች ገብተው አለቀ። ጃኬትና ምሳ ዕቃ ትርፍ ነው። ሁለት ደህና አድርገው ጥሬ ሥጋ የሚበሉ የኛ ሰዎች ካብ ውስጥ ቢገቡ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ።

ክብደቱ ብቻውን አውሮፕላኑን ደህና አያደርገውም። ካብና ሻምፕ ሦስተኛ ጎማቸው ጅራት ላይ ነው። በአየር ላይ እንደ በግ ናቸው። መሬት ሲነኩ ግን የጎን ነፋስ ካለ ጅራታቸው ፊታቸውን ሊቀድም ይችላል፤ አብራሪው እስኪቆም ድረስ እግሩን ማንቀሳቀስ አለበት። ካብ ብቻህን ስትበር የኋላው ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ከፊት ያለውን ማኮብኮቢያ በደንብ አታይም። ብዙዎቹ ማስነሻ ሞተር ስለሌላቸው ፕሮፔለሩ በእጅ ነው የሚሽከረከረው። ሴስና 150 በአንጻሩ ጎማዋ ከፊት ነው፣ በቁልፍ ትነሳለች፣ የተማሪ ስህተት ትችላለች። ሕጉ ታዲያ ሰባ ዓመት ለሞላው ሰው የትኛዋን ሰጠው? የምታስቸግረዋን።

ሐቁን ላለመሸፋፈን፣ ሴስና 150 የስቶል ፍጥነቱንም መስፈርት አታልፍም ነበር። ሙሉ ክብደቷን ስትይዝ፣ ፍላፕ ሳይዘረጋ፣ 48 ኖት ገደማ ነው። ሦስት ኖት። አስፋልት ላይ የሚሮጥ ሰው በሚበልጣት ልዩነት ነው እንግዲህ የተከለከለችው።

የሕክምናው ጉዳይም ግራ ያጋባል። ያለ ምርመራ በመንጃ ፈቃድ መብረር ትችላለህ። ግን ለመጨረሻ ጊዜ ያመለከትክበት የአቪዬሽን ምርመራ ተቀባይነት ካጣ አትችልም። ስለዚህ ብልጡ ሰው ምን ያደርጋል? ሐኪሙ ዘንድ አይሄድም። በ2017 ቤዚክሜድ የሚባል ሌላ መንገድ ተከፈተ፤ ያኔ በመደበኛ ሐኪም ተመርምሮ እስከ 6,000 ፓውንድ የሚመዝን አውሮፕላን ማብረር ይቻል ነበር። እሱም ከጁላይ 14 ቀን 2006 በኋላ ቢያንስ አንዴ የሚሠራ የአቪዬሽን ምርመራ ላላቸው ሰዎች ነው። የጋሼ የመጨረሻው ምርመራ በ1990ዎቹ ነው። እንደገና አመልክተው ቢወድቁ የስፖርቱም በር ይዘጋባቸዋል። ስለዚህ ኤርኩፕ ፍለጋ ገቡ።

አዳዲስ ርካሽ አውሮፕላኖች ይመጣሉ ተብሎ ነበር። የሴስና ኩባንያ ራሱ በ2007 ስካይካቸር የምትባል ለዚሁ ሕግ የተሰፋች አውሮፕላን አስተዋወቀ፣ ዋጋዋ 109,500 ዶላር። በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ 150 ሺህ ተጠጋች። 1,320 ውስጥ ለማስገባት ስለተጠበበች ሁለት ከበድ ያሉ ሰዎችና ሙሉ ነዳጅ አብረው አይገቡባትም ነበር። ሁለት መቶ ሳይሞሉ ተሸጡና ተቋረጠች።

እንግዲህ በጁላይ 2025 ኤፍኤኤ የአውሮፕላኑን መስፈርት ገለበጠው። ሞዛይክ ይሉታል። የአብራሪዎቹ ክፍል ከኦክቶበር 22 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ለስፖርት አብራሪ የክብደት ጣሪያው ጠፋ። አሁን የሚታየው ያ የስቶል ፍጥነት ነው፤ 59 ኖት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ይበራል። መቀመጫው እስከ አራት ሊሆን ይችላል፣ ተሳፋሪው ግን አንድ ብቻ። ሴስና 150፣ 152፣ 172፣ ፓይፐር ቼሮኪ፣ ሁሉም ገቡ። ሉስኮምብ 8ኢ ገባች። 415-ዲ ገባች።

እኔ ይህን ከልቤ ነው የምደግፈው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አውሮፕላን ሲከሰከስ ጉዳቱን በዋነኛነት የሚወስነው ፍጥነቱ ነው። ክብደት እጥፍ ቢሆን የግጭቱ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነት እጥፍ ቢሆን ግን አራት እጥፍ። በቀስታ የሚያርፍ አውሮፕላን ይቅር ባይ ነው። ክብደት ላይ ጣሪያ ስታደርግ ደግሞ አምራቹ የሚቀንሰው ከብረቱ፣ ከጎማው እግር፣ ከወንበሩ ነው፤ ማለትም አንተን ከሚጠብቅህ ነገር።

ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። አብዛኞቹ የሴስና 182 ሞዴሎችም አሁን ገብተዋል። 182 ብዙውን ጊዜ 230 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ የፕሮፔለሯ አንግል የሚቀያየር ከባድ አውሮፕላን ነች። አስተማሪ ተጨማሪ ሥልጠና ሰጥቶ መፈረም አለበት፣ ጥሩ ነው። ቢሆንም በ20 ሰዓት ፈቃድ ያገኘ ሰው ዘሎ እሷ ላይ ቢወጣ እኔ አብሬው አልገባም። ሕጉ ስለፈቀደ ብቻ አይኬድም። ካብና ሻምፕ ያላችሁም ጊዜያቸው አለፈ ብላችሁ ለመሸጥ አትቸኩሉ። በሰዓት አራት አምስት ጋሎን ጠጥቶ እንደነሱ የሚያስደስት የለም።

ጋሼ ባለፈው ወር ደወሉ። ያቺ ኤርኩፕ የት እንዳለች ጠየቁኝ። ያን ጊዜውኑ ተሸጣለች፣ ወደ ቴክሳስ ሄዳለች አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «አንድ 150 አለች፣ የ1966፣ ቀለሟ ትንሽ ለቋል» አሉ። መዝገቧን ያ መካኒክ ይመልከተው አልኳቸው። «ለክብደቱ?» አሉኝ እየሳቁ። ለዝገቱ ነው፣ ጋሼ።