ሳይሞቅ ማሞቅ፦ ለመስታወት ሕንፃዎቻችን የቀረበ ውዳሴ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ማኅተም ለማስመታት ብዬ፣ ከእግር እስከ ራሱ ሰማያዊ መስታወት ወደለበሰ አንድ የአዲስ አበባ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ወጥቼ ሳላስመታ ወረድሁ። ምክንያቱን ያስረዳችኝ ሠራተኛ ትሕትናዋ የሚያስመሰግን ነበር። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ኮምፒውተሩን ፀሐይ መትቶት ጠፍቷል። ሲቀዘቅዝ ይነሣ ይሆናል፤ ካልሆነም ነገ ጠዋት ብቅ ይበሉ» አለችኝ። «ሲስተም የለም» መባልን እንደማንኛውም ዜጋ ለምጄዋለሁ። ሲስተም በቤት ውስጥ፣ በጣሪያ ሥር፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ በፀሐይ ሲመታ ግን ሰምቼ አላውቅም። ከመስታወቱ ማዶ፣ በአስፋልቱ ዳር፣ ሰዎች ጃኬታቸውን ደርበው ይሄዱ ነበር።

አንባቢዎቼ ይህንን ሕንፃ ያውቁታል፤ እሱን ባያውቁት ወንድሞቹን ያውቋቸዋል። በየዋና መንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው እርስ በርስ ፊታቸውን ሲያዩ የሚውሉት ናቸው። ብዙዎች ያማርሯቸዋል። እኔ ግን ወቀሳውን ለቅሬታ አቅራቢዎች ትቼ፣ እስከ ዛሬ የተነፈጉትን ምስጋና ላቀርብላቸው ተነሥቻለሁ።

የሥራውን ታላቅነት ለመረዳት የከተማዋን አመሠራረት ማስታወስ ይበቃል። እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦ ብርድ አስመርሯቸው ወደ ፍልውሃ በወረዱበትና አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት በ1879 ዓ.ም.፣ ሙቀት ለማግኘት ተራራ መውረድና ከመሬት የሚፈልቅ ውኃ መፈለግ ግድ ነበር። የዛሬው ባለሀብት ተራራም አይወርድ፣ ፍልውሃም አይፈልግ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ የቀትሩ ሙቀት በዓመቱ አብዛኛው ቀን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆንባት ከተማ ውስጥ፣ አራት የመስታወት ግድግዳ አቁሞ የአፋርን ቀትር ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያመርታል። ሌላው ዓለም ማቀዝቀዣውን የሚያስተካክለው እኛ ደጃፋችን ላይ በነፃ ወዳለን አየር ነው። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ስላላዩት ነው እንጂ፣ ይህንን ቢያዩ ጤፉን ይተውት ነበር።

የጥበቡ አሠራር ቀላል ነው። የፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ አልፎ ይገባል፤ ወለሉን፣ ጠረጴዛውንና የሠራተኛውን ጀርባ ይመታል፤ እዚያም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ተመልሶ ልውጣ ሲል መስታወቱ አያሳልፈውም። ይህንን ሆለታና ባቱ ያሉ የአበባ አምራቾች ጠንቅቀው ያውቁታል፤ በላስቲክ ቤቶቻቸው ውስጥ ጽጌረዳ የሚያሳድጉት በዚሁ መንገድ ነውና። አበባ አምራቹ ግን አንድ ድክመት አለበት፤ ሲሞቅ ይጨነቃል። የላስቲኩን ጎን ይከፍታል፣ መረብ ያለብሳል፣ ውኃ ይረጫል። ለጽጌረዳ የሚከፈት ጎን ለሒሳብ ሠራተኛ አይከፈትም። ሒሳብ ሠራተኛ ወደ ውጭ አይላክም፤ ቢጠወልግም ዶላር አያስቀርም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ የአንዲት መስኮት ታሪክ ነው። በመጀመሪያ ባለቤቱ «ብርሃን እንደ ልብ ይግባ፣ ከተማው ይታይ» ብለው ብሎኬቱን አስቀርተው መስታወት አስገጠሙ። ብርሃኑ ሲበዛባቸው መስታወቱ ሰማያዊ እንዲሆን ተደረገ። ሰማያዊው አልበቃ ሲል ተከራዩ በራሱ ወጪ ጥቁር ፊልም አስለጠፈበት። ፊልሙ በሁለት ክረምት ተጨማድዶ አረፋ ሲያወጣ መጋረጃ ተሰቀለ። መጋረጃው ከመሃል ሲሰነጠቅ፣ በስንጥቁ የምትገባው ፀሐይ ቀጥታ የገንዘብ ያዧ ዓይን ላይ ስለምታርፍ፣ የወረቀት ካርቶን ተቀድዶ በፕላስተር ተለጠፈ። ካርቶኑ በወደቀ ጊዜ ደግሞ ዣንጥላ ተዘረጋ፤ እኔ የደረስሁት እዚህ ምዕራፍ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ክፍሉ ጨልሟልና ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ፣ ሰማዩ ወለል ብሎ ሳለ፣ አምፖሉ ሁሉ በርቷል። አምፖሉም ድርሻውን ያሞቃል። ስለዚህ ኤሲ ተገዛ። የኤሲው የውጭ አካል የሚቀመጥበት ቦታ በዲዛይኑ ላይ ስላልታሰበ የሕንፃው ግንባር ላይ ተሰቀለ፤ ከሥሩ በሚያልፈው እግረኛ አናት ላይም ጠብ ጠብ ይላል። ባለቤቱ ከመኪናቸው ሆነው ቀና ሲሉ ኤሲው ግንባሩን እንዳበላሸባቸው አስተዋሉና አልኮቦንድ በሚባለው የአሉሚኒየም ልባስ አስሸፈኑት። የተሸፈነው ኤሲ ትኩሱን አየር የሚተነፍስበት አጥቶ የራሱን ትንፋሽ መልሶ እየማገ ይሠራል፤ ሠራተኞቹም «ኤሲው ያሞቃል» እያሉ ያሙታል። ከዚያ መብራት ይጠፋል። ጀነሬተሩ ከሕንፃው ጀርባ ይነሣል፤ ጭሱም ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ሽቅብ ይወጣና በሕንፃው ውስጥ በሚከፈቱት ብቸኛ መስኮቶች፣ ማለትም በመጸዳጃ ቤቶቹ መስኮት ይገባል። ብርሃን ይግባ ተብሎ የተከፈተ ግድግዳ መጨረሻው ጨለማ ክፍል፣ የሚያሞቅ ማቀዝቀዣና የናፍጣ ጭስ ሆነ። ይህንን የሚያህል ረጅም መንገድ ለመሄድ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

የሠራተኞቹ ኑሮም በፀሐይ የሚመራ ሆኗል። ጠዋት ምሥራቅ በኩል ያለው ፋይናንስ ፋይሉን ታቅፎ ወደ ምዕራብ ይሰደዳል፤ ከምሳ በኋላ ግዥና ንብረት ከምዕራብ ተነቅሎ ወደ ምሥራቅ ይፈልሳል። እንግዳ መጥቶ «ግዥ ክፍል የት ነው?» ሲል የጥበቃ ሠራተኛው አስቀድሞ ሰዓቱን ያያል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ኃላፊው ናቸው። የማዕዘን ቢሮ የክብር ምልክት ስለሆነ ሁለት የመስታወት ግድግዳ ደርሷቸዋል፤ ጠዋትም ከሰዓትም ይጠበሳሉ፤ እንዳይለቁት ደግሞ ለማዕዘኑ ስንት ዓመት ደክመውበታል።

ልግስናውንም መዘንጋት አይገባም። የሚያንጸባርቅ መስታወት የተቀበለውን ፀሐይ ለብቻው አይበላም፤ የተረፈውን አስፋልቱ ማዶ ላለው ጎረቤት ያካፍላል። ጎረቤቱም መስታወት ለባሽ ስለሆነ አጸፋውን ይመልሳል፤ በመካከላቸው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ የሚነዳው ሾፌር ዓይኑን ጨፍኖ መሪውን ለፈጣሪ ያስረክባል። ለንደን ውስጥ በ2013 እ.ኤ.አ. አንድ ግንባሩ ወደ ውስጥ የጎበጠ የመስታወት ሕንፃ ፀሐይዋን እየሰበሰበ መንገድ ዳር የቆመ መኪና አካል አቅልጦ ነበር። እዚያ ጉድ ተባለና ሕንፃው ላይ የፀሐይ መከላከያ ተገጠመ። የእኛዎቹ ገና ሰው ላይ ናቸው፤ መኪና ላይ ሲደርሱ መላ ይፈለግላቸው ይሆናል።

ይህ ሥራ እንዴት እንደሚወለድ ለማያውቁ ላስረዳ። ባለሀብቱ ከዱባይ ሲመለሱ ስልካቸው ውስጥ ፎቶ ይዘው ይመጣሉ። «ይህንን አስመስልልኝ» ይላሉ። አርክቴክቱ፣ ክፍያው በሦስተኛው ዙር ቀርቶበታልና፣ ፀሐይ በየት ወጥታ በየት እንደምትገባ ሊጠይቅ አይደፍርም። በኮምፒውተር የተሠራው ሥዕል ይቀርባል። በሥዕሉ ላይ ሰማዩ ምንጊዜም ሰማያዊ ነው፤ መንገዱ ላይ የማይታወቁ ፈረንጆች ቦርሳ ይዘው ይራመዳሉ፤ አንድም ኤሲ፣ አንድም ጀነሬተር፣ አንድም መጋረጃ የለም። ሥዕሉ ይጸድቃል። ያው ሥዕል ጥቂት ፎቅ ተቀንሶለት ድሬዳዋም፣ ሰመራም፣ ጋምቤላም ይተከላል፤ አየሩ ሕንፃውን ይልመደው እንጂ ሕንፃው አየሩን የመልመድ ግዴታ የለበትም። የሚገርመው ግን፣ ከባሕረ ሰላጤው ስንቀዳ የቀዳነው አተላውን መሆኑ ነው። እዚያው አቡዳቢ ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቁት የአል ባሕር ማማዎች መስታወታቸውን ራቁቱን አልተዉትም፤ ከጥንቱ የዓረብ ቤቶች የመስኮት ጥልፍልፍ የተወሰደ፣ በፀሐይዋ አካሄድ የሚከፈትና የሚዘጋ ጥላ አልብሰውታል። ፎቶ ያነሡት መንገደኞቻችን በዚያ በኩል አላለፉም።

እዚሁ አገር ውስጥ ደግሞ፣ ወደ ኋላ ስንመለከት፣ እጅግ ኋላ ቀር የሆነ ትውልድ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሠሩት አርክቴክቶች፣ እነ ሄንሪ ሾሜት፣ እነ አርቱሮ መዜዲሚ፣ እነ ዛልማን ኢናቭና ሚካኤል ቴድሮስ ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ እንደምትገኝ የመቁጠር መጥፎ ልማድ ነበራቸው። እዚህ ኬክሮስ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ፣ አናት ላይ ታልፋለች፤ በክረምቱ ወራት ወደ ሰሜን፣ በበጋው ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ የሰሜንና የደቡብ መስኮትን በቀትር ከላዩ ወጣ ያለ አጭር የኮንክሪት ጥላ ይበቃዋል። የምሥራቅና የምዕራቡ ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ከላይ በሚዘረጋ ጥላ አትመለስም፤ እዚያ በኩል መስኮቱን ማሳነስ ወይም የቁም ክንፍ ማቆም ያስፈልጋል። የዚያ ዘመን ብዙ ሕንፃዎች በኮንክሪት ክንፍ፣ በጥልቅ በረንዳና በሚከፈት መስኮት የተሞሉት በዚህ አጉል ቁጥቁጥነት ነው። የፒያሳን የእንጨት በረንዳዎች የሠሩትማ ኬክሮስ የሚለውን ሳይሰሙ እዚያው ደርሰዋል። ደግነቱ ዛሬ ከእነዚህ ሕንፃዎች አንዱ «ሲታደስ» መጀመሪያ የሚሆነው ክንፉ ተሰብሮ አልኮቦንድና መስታወት መልበሱ ነው።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቋርጥ። ይህ ሕዝብ ከወር ደመወዙ እየቆረጠ ቦንድ ገዝቷል። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 5,150 ሜጋዋቱ የተባለው ለፋብሪካና ጭስ ለሚያነባት እናት ምድጃ ነበር። ያ ኃይል፣ ማንም ሳያስገድደን የተከልነውን መስታወት ለማቀዝቀዝ ሲፈስስ ማየት ያናድዳል። መብራት ሲጠፋ የሚነደው ናፍጣ በዶላር ይገባል። የአምቦ ድንጋይና ሸክላ ጡብ እዚሁ እያለ መስታወቱም፣ አሉሚኒየሙም፣ ኤሲውም በዶላር ይገባሉ። ያቺ ዣንጥላ ዘርግታ የምትሠራው ልጅ ነፍሰ ጡር ነበረች። በዚያ ክፍል ስምንት ሰዓት ትቀመጣለች፤ አጠገቧ ያለው መስታወት አይከፈትም። እንዳይከፈት የወሰነ ሰው አለ፤ የማጠፊያውን ዋጋ ያተረፈ ሰው አለ፤ ፕላኑን አይቶ የፈረመ ሰው አለ፤ ሦስቱም ክፍሉ ውስጥ አንድ ከሰዓት ተቀምጠው አያውቁም። ይህ ውበት አይደለም፤ ሰው መናቅ ነው።

ወደ ውዳሴዬ ልመለስ። ዚምባብዌዎች ሐራሬ ላይ በ1996 እ.ኤ.አ. ኢስትጌት የተባለ የንግድ ማዕከል ከፍተዋል። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ የተማረው ከኩይሳ ነው ይባላል። ወፍራም የኮንክሪትና የጡብ አካል አለው፤ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር በውስጡ እየነፈሰ ያበርደዋል፤ ቀን ያንን ቅዝቃዜ ይመነዝራል፤ የተለመደው ዓይነት ኤሲ የለውም። ምስጥ ያማከሩ ሰዎች እንግዲህ ይህንን ያህል ተሳክቶላቸዋል። እኛ አገር ኩይሳ ሞልቷል፤ አማካሪ አድርጎ የቀጠረው ግን የለም፤ ፎቶ ይዞ ከዱባይ አይመጣማ።

ቢሆንም ከዘመኑ ወደ ኋላ ቀርተናል ማለት አይደለም። ማኅተሜን ካላገኘሁበት ሕንፃ ጎን አዲስ እየተሠራ ነው፤ አጥሩ ላይ በትልቁ «ለአካባቢ ተስማሚ ሕንፃ» ተብሎ ተጽፏል። ግንባሩ፣ ጎኑና ጀርባው ያው መስታወት ነው። ተስማሚነቱ ግን በሦስት ነገር እንደሚገለጽ የሽያጭ ሠራተኛው አስረድቶኛል፦ በመግቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የፕላስቲክ ሣር፣ ሰው ሲጠጋ ብቻ የሚንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ደረጃ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ የሕንፃውን ስም ሌሊት የሚያበሩ የፀሐይ ሰሌዳዎች። ሰሌዳዎቹ በብረት እግር ላይ ከፍ ብለው ስለቆሙ፣ ከወዲሁ ቦታ የያዙት ተከራዮች ሠራተኞች ምሳቸውን ጣሪያ ላይ ወጥተው ከሥራቸው ይበላሉ፤ በሕንፃው ሁሉ ጥላና ነፋስ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ባለቤቱ ይህንን እስኪሰሙ ድረስ ነው እንጂ፣ ከሰሙ በካሬ ሜትር ማስከፈላቸው አይቀርም።