ገጣሚው ቤት ሳይመታ አታጨብጭቡ

የዲሲ፣ የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ስለ ግጥም ምሽቶቻችን ነው።

ገጣሚው ቀኑን ሙሉ ኡበር ሲነዳ ወይም ፓርኪንግ ሲጠብቅ ውሎ፣ ማታ ልጆቹን አስተኝቶ፣ ከእንቅልፉ ቀንሶ የጻፈውን ይዞ መድረክ ላይ ይወጣል። እናንተ ደግሞ ማታ 12 ሰዓት የተጠራውን ዝግጅት 2 ሰዓት ላይ ትደርሱና፣ እሱ እያነበበ ትሳሳማላችሁ፣ ወንበር ትጎትታላችሁ፣ "ምነው ጠፋሽ" ትባባላላችሁ። መሰባሰቡ አይከፋም። በሰው አገር የሚያውቁትን ፊት ማየት ትልቅ ነገር ነው። ግን ከንባቡ በፊት ወይም በኋላ ይሁን!

ከዚህ የባሰው ጭብጨባው ነው። ገጣሚው ገና ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሳለ "አገሬ" የምትል ቃል ስትሰሙ፣ ወይም የምትጠሉትን ባለሥልጣን የነካላችሁ ሲመስላችሁ፣ አዳራሹን በፉጨትና በጭብጨባ ታናውጡታላችሁ። ቀጣዩ ስንኝ ተዋጠ። ቤት መምቻው ተዋጠ። ግጥማችን ደግሞ ብዙ ጊዜ ምስጢሩን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው፣ የመጨረሻው ስንኝ የመጀመሪያውን ገልብጦት ቁጭ ሊል ይችላል። ያጨበጨባችሁለት ሐሳብ እኮ ገጣሚው ሊያፈርሰው ብሎ ያነሳው ሊሆን ይችላል። ቅኔ ቤት ያደጉ ሰዎች ባለቅኔው እስኪጨርስ ጆሯቸውን ሰጥተው ይቆያሉ፤ "ይበል!" የሚሉት ሲጨርስ ነው። ይህ የራሳችን ሥርዓት ነው፣ ከማንም አልተበደርነውም።

ከእናንተ መሃል ደግሞ ገጣሚው የማን ወገን እንደሆነ ሳታጣሩ እጃችሁ የማይነሳ አላችሁ። ስለ እናቱ ሲያነብ፣ ስለ ሌሊት ፈረቃ፣ ስለ ክረምቱ ብርድ ሲያነብ ፖለቲካ የለበትምና ስልካችሁን ታወጣላችሁ። ውጤቱም እየታየ ነው። ጥሩ ጥሩ ገጣሚዎች መፈክር መጻፍ ጀምረዋል፣ ምክንያቱም የሚጨበጨበው ለመፈክር ነው። ይህን ያስተማራችኋቸው እናንተ ናችሁ።

ገብረ ክርስቶስ ደስታን አስቡት። "ሀገሬ"ን በየአዳራሹ በቃላችሁ ትሉለታላችሁ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ ላውተን በምትባል ከተማ በስደት አረፈ። "መንገድ ስጡኝ ሰፊ" የተባለው የግጥም መጽሐፉ አገር ቤት የታተመው ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። "ልጅነት"ን የጻፈው ሰለሞን ደሬሳም ለረጅም ዘመን ሚኒሶታ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2017 አረፈ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ2006 ያረፈው ኒውዮርክ ነው። ዛሬ ሁላችሁም ፎቷቸውን ፌስቡክ ላይ ትለጥፋላችሁ። በሕይወት ሳሉ ስንቶቻችሁ ቁጭ ብላችሁ ሰማችኋቸው? ዛሬ ፊታችሁ ቆመው የሚያነቡት ግን አሉ፣ በአካል አሉ፣ ድምፃቸው ይሰማል።

መድረኩም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ዓለምፀሐይ ወዳጆ ራሷ ተሰዳ የመጣች ገጣሚና የቲያትር ሰው ናት፤ ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከልን አቋቁማ እዚሁ ከተማ ለገጣሚዎች በር የከፈተችው በስንት ድካም ነው። አዳራሽ ኪራይ አለው፣ ማይክ ኪራይ አለው።

ስለ መጽሐፉ ደግሞ ልናገር። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ የተደረደረውን መጽሐፍ ገጣሚው ከኪሱ ከፍሎ አዲስ አበባ አሳትሞ፣ በሻንጣ አስጭኖ ያመጣው ነው። እናንተ አንስታችሁ ታገላብጡታላችሁ፣ ከገጣሚው ጋር ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ከዚያ ቦታው መልሳችሁ ትሄዳላችሁ። "ለእኔ እንኳ በነፃ አትሰጠኝም?" የምትሉም አላችሁ። እዚያው ማታ ለመጠጥ የምታወጡት ገንዘብ እኮ ሁለትና ሦስት መጽሐፍ ይገዛል! አንዳንዶቻችሁማ ንባቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀርጻችሁ፣ ሰውየውን ሳታስፈቅዱ ቲክቶክ ላይ ትጭኑታላችሁ። ጠይቁት እንጂ፣ ሥራው የእሱ ነው።

በሚቀጥለው ምሽት 12 ሰዓት ከተባለ 12 ሰዓት ግቡ። ስልካችሁን ዝጉ። ያልገባችሁ ስንኝ ካለ ሲጨርስ "ይደገም" በሉት፣ ደስ ብሎት ይደግመዋል። መጽሐፉን ከፍላችሁ ውሰዱ። አዘጋጆችም ንባብ ሲጀመር በሩን ዝጉት፣ የዘገየ ሰው አንዱ ግጥም አልቆ ሌላው እስኪጀመር ውጭ ይጠብቅ።