የማንጋ ፖድካስት የዜና ሩጫ አይደለም

ስለ ማንጋ፣ ማለትም ስለ ጃፓን ሥዕላዊ ታሪኮች፣ ከድሬዳዋ ሆነን በአማርኛ ፖድካስት ለምንሠራ ጥቂት ወዳጆች የሚደርሰን አስተያየት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ሌሎች ቀድመው ያወሩትን እናንተ ለምን ዘግይታችሁ ታመጣላችሁ የሚል። አንዳንዱ በቅንነት፣ አንዳንዱም በቁጣ ይጽፋል። የምንዘገየው አስበንበት ነውና ጥያቄው በአደባባይ መልስ ቢያገኝ ደስ ይለኛል። አለቃ የሌለበት፣ በአፍቃሪዎቹ ኪስ የሚሠራ ፖድካስት ከሌላው የሚለይበት ነገር ቢኖር አንድን ገጽ ረጋ ብሎ ማየት መቻሉ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ከተወ ሌላ የሚሰጠው ብዙም የለውም።

በሳምንታዊው ሾነን ጃምፕ መጽሔት የሚወጡ ምዕራፎች በአሳታሚው በሹኤይሻ የማንጋ ፕላስ መተግበሪያ ላይ በይፋ የሚለቀቁት ጃፓን ውስጥ እሑድ አልቆ ሰኞ ሲገባ ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ግን ገና ገበያ ላይ ካልዋለ መጽሔት የተነሡ፣ የደበዘዙና በጥድፊያ የተተረጎሙ ገጾች በቴሌግራም ይዘዋወራሉ። የጃፓን ፖሊስ በዚህ ሥራ የጠረጠራቸውን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ማሰር ደርሷል። የሕጉ ጉዳይ እንዳለ ሆኖ፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሠዓሊው ነው። የአንድ ሳምንት ምዕራፍ ወደ 20 የሚጠጉ ገጾች አሉት፤ እነዚያ ገጾች ደግሞ ከሰው ወገብና ዓይን ላይ ተቆርሰው የሚወጡ ናቸው። የ«ሃንተር ኤክስ ሃንተር» ደራሲ ዮሺሂሮ ቶጋሺ ለሁለት ዓመት ያህል ወንበር ላይ ተቀምጦ መሣል አቅቶት እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2022 ለአንባቢዎቹ ገልጿል። እንዲህ የተለፋበትን ገጽ ከደበዘዘ ፎቶ ላይ አይቶ፣ ማን ሞተ ማን ተረፈ ብሎ ብቻ ማለፍ በእኔ ዘንድ ከንቀት ይቆጠራል።

ታሪኩን ከሥር ከሥሩ ተርኩልን የሚሉም አሉ። የዚህ ጥያቄ ምንጭ ይገባኛል፤ አማርኛ ሰሚው ሕዝብ ጆሮው ትረካ የለመደ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው መጽሐፉን ዛሬ ሲያነብ እንኳ የሚሰማው የእሱን ድምፅ ነው። ይሁን እንጂ ልቦለድ ከቃል የተሠራ ስለሆነ ወደ ድምፅ ሲሻገር የሚጎድልበት ጥቂት ነው፤ ማንጋ ግን አብዛኛውን ነገር የሚናገረው በሥዕሉ ነውና ድርጊቱ ብቻ ሲተረክ የሚተርፈው አጥንቱ ነው።

ለዚህ ከታኬሂኮ ኢኖዌ «ስላም ደንክ» የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1996 በወጣው በዚህ የቅርጫት ኳስ ማንጋ ውስጥ የመጨረሻው ትልቅ ጨዋታ የመጨረሻ ሰከንዶች ከሞላ ጎደል ያለ ንግግር ተሥለዋል፤ የተመልካቹ ጩኸት እንኳ ከገጹ ወጥቷል። ተራኪ ይህን ሁሉ «ሩካዋ ለሳኩራጊ አቀበለው፤ ሳኩራጊም አገባ፤ አሸነፉ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። እኛ ያንን ክፍል ስንቀዳ፣ ከዚራ ሰፈር ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ቬንቲሌተሩን አጥፍተን፣ የባጃጅ ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱን ዘግተን፣ ላብ እያጠመቀን፣ ገጾቹን ከቀኝ ወደ ግራ አንድ በአንድ በቃል ለመሣል ሞከርን፤ ፓነሉ፣ ማለትም ገጹ የተከፋፈለበት የሥዕል ሳጥን፣ ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ጠቦ ዓይንን ወደ ታች እንደሚያወርድ፣ በግራ በኩል ከታች ያለው የመጨረሻው ፓነል አንባቢው ገጹን እንዲገልጥ ምን ደብቆ እንደሚያቆየው። ሲናከሱ የኖሩት ሁለቱ ተጫዋቾች መዳፋቸውን የሚያጋጩበት ሥዕል ሁለት ገጽ ሙሉ የያዘ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፓነሎች ምን ያህል ፈጣን እንደነበሩ ያልተነገረው አድማጭ የዚያ ሥዕል ስፋት ለምን ልብ እንደሚያቆም ሊረዳ አይችልም። ለእነዚህ ጥቂት ገጾች አንድ ሙሉ ክፍል ሰጥተናል፤ አሁንም ብንሠራው ከዚያ አናሳጥረውም።

ማንጋ ፕላስ እንግሊዝኛን፣ ስፓኒሽን፣ ፈረንሳይኛንና ታይኛን ጨምሮ በበርካታ ቋንቋዎች ይቀርባል፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ግን የሉበትም። በዚህ የተነሳ ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ ሰፈር ላለና እንግሊዝኛው ገና ለሚከብደው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የእኛ ገለጻ ወደ ሥራው የሚገባበት የመጀመሪያ በር ሊሆን ይችላል። ይህ ኃላፊነት ነው፤ የገጸ ባሕርይውን ንግግር አሳስተን ከተናገርን ልጁ ስሕተቱን ይዞ ለጓደኞቹ ያስተላልፋል። በሌላ በኩል ደግሞ የድሬ ልጅ ወሬው ሲሞቅ ከአማርኛው መሐል ኦሮምኛ፣ ሲስቅም ሶማሊኛ ጣል ያደርጋል፤ የእንግዶቻችንን ንግግር እንዲህ እንዳለ እንለቀዋለን እንጂ አንቆርጠውም። ከተማው የሚያወራው እንደዚያ ነው፤ ስለ ማንጋ ሲያወራ የሚለወጥበት ምክንያት የለም።

ስለ ገንዘብ ብዙ የምለው የለኝም። አንድ የስፖርት ውርርድ ድርጅት ማስታወቂያውን በየክፍሉ መግቢያ ላይ እንድናነብ ጠይቆን አልተቀበልንም፤ ከሚያዳምጡን ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸውና። ከዚህም በላይ ክፍያው ከአድማጭ ቁጥር ጋር የታሰረ ነበር፤ ቁጥር የሚያሯሩጠው ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ ሾልከው ወደሚወጡት ገጾች መሄዱ አይቀርም። ወጪያችንን እኛው እንሸፍናለን፤ አድማጩ በፓኬጅ እንደሚያወርድ ስለምናውቅም የድምፁን ፋይል አሳንሰን በቴሌግራም እንለቃለን። ነገ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ወይም ሥዕል የሚያስተምር ሰው ቢመጣና ርዕሳችንን እኛው እንድንመርጥ ቢተውልን፣ ማስታወቂያውን በደስታ እናነብለታለን።

ቀጥለን ልንሠራ ያሰብነው ኬይጂ ናካዛዋ እ.ኤ.አ. በ1973 በዚያው በሾነን ጃምፕ ላይ የጀመረውን የሂሮሺማ ታሪክ ነው። ናካዛዋ አቶሚክ ቦምቡ ሲጣል የ6 ዓመት ልጅ ነበር፤ በዚያ ቀን አባቱን፣ እኅቱንና ታናሽ ወንድሙን አጥቷል። ከ50 ዓመት በላይ ያለፈውን ሥራ ዛሬ ማን ያዳምጠዋል የሚል ተቃውሞ ከወዲሁ ደርሶናል። እኔ ግን ለልጆች በሚታተም መጽሔት ላይ፣ ከጀብዱና ከስፖርት ታሪኮች ጎን፣ ያንን ቀን ያየ ሰው ሥሎ ያቀረበውን ሥራ የእኛ አድማጮች የማይሰሙበት ምክንያት አይታየኝም፤ ዕድሜያቸው ያኔ መጽሔቱን ይገዙ ከነበሩት ልጆች ጋር አንድ ነው። ገጾቹ ከባድ ስለሆኑ ክፍሎቹን አጫጭር እናደርጋቸዋለን፤ እንደ ወትሮውም ማክሰኞ ማታ ይለቀቃሉ።