ናሙናውን የሰጠ ክትባቱንም ያግኝ

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 የቦትስዋናና የደቡብ አፍሪካ ሳይንቲስቶች አዲስ የኮሮና ዝርያ አገኙ። አልደበቁትም፤ የቫይረሱን የዘረመል መረጃ ቶሎ ለዓለም አጋሩ። ኦሚክሮን የምንለው እሱ ነው። በቀናት ውስጥ ብሪታንያ፣ የአውሮፓ ኅብረትና አሜሪካ ከአካባቢው ለሚመጡ መንገደኞች በራቸውን ዘጉ። ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም አገሮቹ ሊመሰገኑ እንጂ ሊቀጡ አይገባም ብለው ነበር። ግን የዓለም ጤና ድርጅት መናገር እንጂ በር ማስከፈት አይችልም።

ይህ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። አንድ አገር አስጊ ወረርሽኝ እንደገጠመው ካረጋገጠ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ ያስገድደዋል። መድኃኒቱ ሲገኝ አካፍሉ ብሎ ሀብታሞቹን የሚያስገድድስ? የለም።

የእኛንም እናስታውስ። በመጋቢት 2021 መጀመሪያ ክትባት ለድሃ አገሮች ጭምር እንዲዳረስ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር፣ በኮቫክስ በኩል ወደ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ክትባት አዲስ አበባ ገባ። የተመረተው ሕንድ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ሕንድ ራሷ በወረርሽኙ ተጨንቃ ወደ ውጭ መላኩን ገታች። የመጀመሪያውን ተወግቶ ሁለተኛውን ሲጠብቅ የከረመው ሰው ብዙ ነው። በሕንድ አልፈርድም። ሕዝቡ እየሞተ ክትባት ወደ ውጭ የሚልክ መንግሥት ከየት ይመጣል? የሚያሳዝነው የስንት አገር ሕዝብ ተስፋ በአንድ ፋብሪካ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ነው።

ኢንዶኔዥያ ይህን ቀድማ አይታዋለች። በ2007 የወፍ ጉንፋን ናሙና አልሰጥም አለች። ከእኛ ናሙና የተሠራውን ክትባት እኛ መግዛት አልቻልንም ነበር ቅሬታዋ። አደገኛ እርምጃ ነው፤ ምሬቱ ግን ይገባኛል።

በግንቦት 2025 የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች ለወደፊት ወረርሽኝ በጋራ ለመዘጋጀት የተደራደሩበት የወረርሽኝ ስምምነት በ124 ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞ፣ በ11 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። አሜሪካ ከድርጅቱ እንደምትወጣ አስታውቃ ስለነበር በድምፅ አሰጣጡ አልነበረችም። ትልቁ ጉዳይ ግን አገሮች ለብቻው ለሚደራደሩበት አባሪ ሰነድ ተተወ፦ ናሙና የሰጠ ምን ያገኛል? ስምምነቱ ያሰበው የተሳተፉ አምራቾች በወረርሽኝ ጊዜ ከሚያመርቱት 20 በመቶውን ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያቀርቡ ነው። ቢያንስ ግማሹ በነፃ፣ ቀሪው በተመጣጣኝ ዋጋ።

20 በመቶ ለእኔ ትንሽ ነው። እሱም ቢሆን በውል ካልታሰረ በጭንቁ ቀን አይገኝም። የአፍሪካ ተደራዳሪዎች ናሙና የሚወስድ ኩባንያ አስቀድሞ ውል ይፈርም ማለታቸው ትክክል ነው። እዚህ ላይ አንዲት ጋት ማፈግፈግ የለባቸውም።