ቀለም ቀቢው ከመጠራቱ በፊት

ኮርኒስ ላይ ቡናማ እድፍ ሲታይ ብዙ የሕንፃ ባለቤቶች ቀድመው የሚጠሩት ቀለም ቀቢ ነው። ይህ ልማድ ከውሃው የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል ብል ማጋነን አይመስለኝም። እድፉ ውሃው በየት በኩል እንደመጣ የሚጠቁም ምስክር ነው፤ ቀለም ሲደረብበት ምስክሩ ዝም ይላል፣ ውሃው ግን መውረዱን አይተውም።

እድፍ ሲታይ ደግሞ ነገሩ አርፍዷል። ወደ ጣሪያ የገባ ውሃ ሁልጊዜ በቀጥታ ወደ ታች አይወርድም። የጣሪያውን እንጨት ወይም የቧንቧውን ጎን ይዞ ብዙ ርቀት ሄዶ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይንጠባጠባል። ከእድፉ ትክክል በላይ ያለውን ቆርቆሮ ብቻ አይተው «ደህና ነው» ብለው የሚወርዱ ሠራተኞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እስከዚያው የረጠበ ጂብሰም ወይም እንጨት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል። ኮንክሪት ውስጥ የዘለቀ ውሃ ፌሮውን ያዝገዋል፤ ዝገቱ ከብረቱ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁ ደግሞ ሌላ ውሃ ይገባል።

ውሃ መፍሰሱን መከታተል ሲባል ውድ መሣሪያ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። ዋናው መሣሪያ ግን በየሕንፃው ተተክሎ ይገኛል፦ የውሃ ቆጣሪው። ማታ ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ንባቡን መጻፍ፣ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይከፍት መልሶ ማየት። (ታንከር ካለ መጀመሪያ መሙላቱን ማረጋገጥ ነው፣ አለዚያ ቆጣሪው በከንቱ ያስደነግጣል።) ቁጥሩ ከጨመረ ውሃ የሚያፈስ ቦታ አለ። ሩብ ሚሊ ሊትር የምትሆን ጠብታ በየሰከንዱ ብትወርድ በቀን ከ20 ሊትር ያልፋል፤ ይህ ሁሉ ግድግዳ ውስጥ ሲቀር ማሰብ ነው።

እርጥበት ሁሉ ግን ከቧንቧ ወይም ከጣሪያ አይመጣም። 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚሞቅ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 60 በመቶ የሆነ አየር 12 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ግድግዳ ሲነካ ጤዛ ይሆናል። ከቁም ሳጥን ጀርባ የሚወጣው ሻጋታ ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ነው። እዚያ የሚያስፈልገው አየር ማናፈስ ሆኖ ሳለ ጣሪያ አስፈርሰው ገንዘባቸውን የጨረሱ አሉ። የክፍል እርጥበት የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ ይህን ወጪ ባስቀረ ነበር።

ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ መውረጃም እንዲሁ ይረሳል። በ100 ካሬ ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሲተኛ 10 ቶን ይመዝናል፤ መውረጃውን የሚደፍነው ግን አንድ እፍኝ ቅጠል ሊሆን ይችላል።

ውሃ ሲነካቸው የሚጮኹ ሴንሰሮችንና ዋናውን መስመር በራሳቸው የሚዘጉ ቫልቮችን አልቃወምም፤ ሰው በማይውልበት ምድር ቤት ጥሩ ናቸው። የእኔ ጥያቄ ጩኸቱን ሰምቶ የሚነሳው ማን ነው የሚል ነው። አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ሰርፍሳይድ በተባለች ከተማ የነበረው ቻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ የተባለ የመኖሪያ ሕንፃ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2021 ላይ በከፊል ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ መሐንዲስ በመዋኛው ዙሪያ ያለው ውሃ መከላከያ ንጣፍ ማለቁንና ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ክፉኛ መጎዳቱን በጽሑፍ አሳውቆ ነበር። የአደጋውን መንስኤ በዚህ ብቻ ማሳበብ ትክክል አይሆንም። ነገር ግን ችግሩ ታይቶ፣ ተጽፎ፣ ትልቁ ጥገና ሦስት ዓመት ገደማ መጓተቱ መረጃ ብቻውን ሕንፃ እንደማያቆም ያሳያል።

ስለዚህ ከሴንሰሩ በፊት በስሙ የሚጠራ ኃላፊ ይመደብ፤ ግድግዳ ለማስከፈት የሌላ ሰው ፊርማ የማይጠብቅ፣ ለጥገና የተለየ ገንዘብ የተመደበለት። የሕንፃ አስተዳደር ውል የምትፈርሙ ሰዎችም አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧ ቢፈነዳ ዋናውን መዝጊያ የሚዘጋው ማን ነው? መዝጊያው ያለበትን ቦታስ ያውቀዋል?